አክቹዋሪያል ሳይንስ፦ ናይሮቢ ይሂድ ወይስ እዚሁ ስታትስቲክስ ይግባ?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ተጨቃጭቀን ስላልተስማማን የሚያውቅ ሰው ይምከረን ብዬ ነው። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ጨርሶ ከ600 508 አመጣ፣ እሰየው ነው፣ ዘመድ ሁሉ ሜዲስን ወይ ሶፍትዌር ሲለው እሱ ግን አክቹዋሪያል ሳይንስ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ዩቲዩብ ላይ ያየው ይመስለኛል፣ ግን ለወረት አይደለም፣ ክረምቱን ሙሉ ፕሮባቢሊቲ ሲሰራ ነው የከረመው። አባታችን ስራው ምንድነው ሲለው የኢንሹራንስ ሂሳብ ነው አለው፣ አባዬ ደሞ ኢንሹራንስ ለማስገባት ነው እንዴ አራት አመት የሚማረው እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ እያወራ ይስቃል።

ያለን አማራጭ ይሄ ነው። አክስታችንና ባለቤቷ ናይሮቢ ነው የሚኖሩት፣ እኛ ጋ ሆኖ ይማር ብለዋል፣ ናይሮቢ ዩኒቨርስቲም ስትራትሞርም አመልክቶ ሁለቱም ተቀብለውታል። ስትራትሞር የግል ስለሆነ ክፍያው ከበድ ይላል። እዚህ ከሆነ ደሞ በምደባው ምርጫ ውስጥ በዚህ ስም የሚሰጥ ስላላገኘን ወይ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የራሱን መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ወይ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርስቲ ገብቶ ስታትስቲክስ መያዝ ነው ያለው። እማዬ ከቤት እየተመላለሰ ይማር ነው የምትለው፣ መንገዱን ስለምትፈራ አዲስ አበባ እንኳ አይዋጥላትም። እኔ ባንክ ነው የምሰራው፣ አባዬ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ ወጥቷል፣ ያው የዶላሩን ነገር ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙ አክቹዋሪያል የሚል ዲግሪ የግድ ያስፈልጋል ወይ? ከናይሮቢዎቹስ የቱ ይሻላል? ተመርቆ ሲመጣስ እዚህ አገር ስራ አለው?

ዝም ብዬ አንባቢ፦

በዚህ ውጤት ሜዲስን ይግባ ባክሽ እህቴ። ኢንሹራንስ ደሞ ስራ ነው?

ስታት የበላኝ፦

ከላይ ያለውን አትስሚው። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ስታትስቲክስ የጨረስኩት ስለዚህ በማውቀው ላይ ብቻ ላውራ። መጀመሪያ ሲገባ የስታት ተማሪ ሆኖ አይገባም፣ ፍሬሽማን ላይ ኮመን ኮርሱን ወስዶ ነው ዲፓርትመንት የሚመርጠው። ደግነቱ ስታት ላይ ግፊያ የለም፣ እንደውም ብዙው ተማሪ ሌላ ነገር ፈልጎ ሳይደርሰው ተመድቦ ነው የሚመጣው፣ እሱ ራሱ ጉዳት አለው ምክንያቱም ክላስ ውስጥ አብሮት የሚጓጓ ሰው ያጣል፣ ቶሎ ከዶርም ልጆች ጋር ተመሳስሎ ማለፊያ ግሬድ ብቻ ማሰብ ይጀምራል።

ኮርሱ ግን አይናቅም። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ኢንፈረንስ፣ ሪግሬሽን፣ ታይም ሲሪስ፣ ስቶካስቲክ ፕሮሰስ ሁሉ አለ፣ አር የሚባለውንም ሶፍትዌር ይነካል። ለአክቹዋሪ የሚጎድለው የወለድ ሂሳብ ማለት አኑዪቲ፣ ብድር፣ ቦንድ ምናምን የሚባለውና የህይወት ኢንሹራንስ ሂሳቡ ነው። እነዚህን ጎበዝ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነባቸዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን ብሩን ለናይሮቢ ኪራይና ክፍያ ከማፈስ እዚህ በኮስት ሼሪንግ አስተምሬው የተረፈውን ለአለም አቀፎቹ የአክቹዋሪ ፈተናዎች ክፍያ አስቀምጥለት ነበር። ዲግሪ ብቻውን አክቹዋሪ አያደርግም፣ አክቹዋሪ የሚያደርገው ፈተናው ነው።

ፋይናንስ ክፍል አዲስ አበባ፦

አባትሽ ይሳቁ ግድ የለም፣ ግን እኔ የምሰራበት ድርጅት በየአመቱ ለአክቹዋሪ በውጭ ምንዛሬ ነው የሚከፍለው፣ ኢንሹራንስም አይደለንም ፋብሪካ ነን። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሰራተኛ ሲሰናበት ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ አመት የሱን ሲሶ እየጨመርሽ እስከ አስራ ሁለት ወር ደመወዝ ድረስ የስንብት ክፍያ አለው። ሂሳባችን አይኤፍአርኤስ በሚባለው አለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ መሰራት ከጀመረ ወዲህ አይኤኤስ 19 በሚባለው መሰረት ይሄ ወደፊት የሚከፈል እዳ ዛሬ ስንት ነው ተብሎ መዝገብ ላይ መቀመጥ አለበት። ማን መቼ ይለቃል፣ ማን ጡረታ ይደርሳል፣ ማን ይሞታል፣ ደመወዝ በስንት ያድጋል፣ በስንት ወለድ ወደ ዛሬ ይመለሳል፣ ይሄን ሁሉ አገናኝቶ ቁጥር የሚሰጥሽ አክቹዋሪ ነው። የኛ ናይሮቢ ነው ያለው፣ የሞት ሰንጠረዡም የሌላ አገር ነው።

አንዴ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የሰራተኛውን ዝርዝር በኤክሴል ላክንለት፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ የተቀጠረበት ቀን፣ ደመወዝ። የሰው ሀብት ክፍል ትውልዱን በኛ አቆጣጠር፣ ቅጥሩን በፈረንጅ ነው የሞላው። ሰውየው ሁሉንም እንደ ፈረንጅ ወስዶት ሰራተኛው በሙሉ በሰባት በስምንት አመት አርጅቶ ቁጭ አለ፣ ጡረታ የደረሰው በዛ፣ እዳውም የማይሆን ቁጥር ሆነ። ኬንያዊው ምን ያድርግ፣ ከየት ያውቀዋል? ያገር ልጅ ቢሆን 1985 የሚለውን እንዳየ ይይዘው ነበር። እና ስራ አለ ወይ ላልሽው አለ፣ ግን ማስታወቂያ ተለጥፎ የሚጠበቅ አይነት አይደለም፣ ስራው ከውጭ ስለሚገዛ ነው የማይታየው።

ጁጃ የተማርኩ፦

ስታት የበላኝ ያልከው ግማሹ ልክ ነው ግማሹ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነባል ትላለህ፣ ስንቱ ነው አንብቦ የጨረሰው? እኔ ኬንያ ጆሞ ኬንያታ ዩኒቨርስቲ ጁጃ ነው የተማርኩት፣ ክላሱ በሙሉ ፈተና ተመዝግቧል፣ ማታ ማታ ሰብሰብ ብለው ነው የሚሰሩት፣ ቀድመውህ ያለፉ ልጆች አሉ ኖታቸውን ይሰጡሃል፣ ኢንተርንሺፕ ስትፈልግ ደሞ ከተማው ውስጥ የኢንሹራንስና የጡረታ ፈንድ አማካሪ ድርጅቶች አሉ። ኬንያ ውስጥ የአክቹዋሪዎች ማህበር ራሱ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ብቻውን ይሄን ልጅ ማን ይገፋዋል?

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ እህቴ። ናይሮቢ ዩኒቨርስቲ ትምህርቱ ሂሳብ ዲፓርትመንት ስር ቺሮሞ ካምፓስ ነው፣ መሰረቱ ጠንካራ ነው፣ ግን የመንግስት ስለሆነ አድማ አለ። በፈረንጆቹ 2025 የመንግስት ዩኒቨርስቲ መምህራን መስከረም ላይ ያቆሙትን ትምህርት ህዳር ሲገባ ነው የጀመሩት፣ የውጭ ተማሪ ደሞ በዛን ጊዜ ኪራይና ቀለብ ይበላል። ወንድምሽ ቤት ስላለው ይሄ ብዙ አይጎዳውም፣ ትልቅ እድል ነው አትናቂው። ስትራትሞር ማዳራካ ነው፣ ዲሲፕሊናቸው ጠበቅ ያለ ነው፣ አርፍደህ ክላስ መግባት የለም፣ ሴሚስተሩ በሰአቱ ያልቃል። ልዩነቱን ብር ብቻ አድርጋችሁ አትዩት ማለቴ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱንም አንድ ነገር ጠይቋቸው፣ በኢሜይል በፅሁፍ ይመልሱላችሁ፦ የትኛው ኮርስ ላይ ስንት ግሬድ ካመጣ ከእንግሊዙ የአክቹዋሪዎች ኢንስቲትዩት የየትኛው ፈተና ነፃ መሆን፣ ማለት ኤግዘምፕሽን፣ ይሰጠዋል? ለምሳሌ ሲኤስ1 የሚባለው ስታትስቲክስ ነው፣ ሲኤም1 የህይወት ኢንሹራንስና የወለድ ሂሳቡ ነው። ኤግዘምፕሽን አለን ብለው ብሮሹር ላይ የሚፅፉ ብዙ ናቸው፣ ስትጠይቂያቸው ግን ከአምስት አመት በፊት የነበረውን የሚነግሩሽ አሉ። ለሚገባበት አመት የሚሰራውን ነው የምትፈልጊው። ሌላው ቪዛ ለመግባት አያስፈልገንም ግን ለመማር ስቱደንት ፓስ ያስፈልጋል፣ ትምህርት ቤቱ ነው የሚያስጨርስለት፣ ቀድማችሁ ጀምሩት። ሲመለስም እዚህ ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ሄዶ አቻ ግምት ማሰራት አለበት፣ ትራንስክሪፕቱን ሳያወጣ እንዳይመጣ።

የመንዝ ልጅ ሚኒያፖሊስ፦

እኔ እዚህ አሜሪካ ኢንሹራንስ ውስጥ ነኝ። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው ስንት ፈተና አልፈሃል የሚለውን ነው፣ ከዛ ኢንተርንሺፕ፣ ዩኒቨርስቲው ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። እርግጥ ኢሊኖይ፣ ፐርዱ፣ ዊስኮንሰን፣ ድሬክ የመሳሰሉት የአሜሪካው የአክቹዋሪዎች ማህበር ሶሳይቲ ኦፍ አክቹዋሪስ ለትምህርቱ ልዩ እውቅና የሰጣቸው ናቸው፣ ቀጣሪዎች ካምፓሳቸው ድረስ ይመጣሉ፣ ግን ለአንድ የውጭ ተማሪ በራሱ ብር ባችለር እዚህ መማር እብደት ነው። የኔ ምክር ባችለሩን እዛ ወይ ኬንያ ጨርሶ ማስተርስ ላይ በረዳት አስተማሪነት ክፍያው ተሸፍኖለት ይምጣ፣ አንዳንድ የስታትና የሂሳብ ዲፓርትመንቶች ይሄን ይሰጣሉ። አክቹዋሪያልም ስታትስቲክስም ስቴም ማለት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ውስጥ ስለተቆጠሩ ሲመረቅ ለስራ በሚፈቀድለት አስራ ሁለት ወር ላይ ሃያ አራት ወር ተጨምሮለት ሶስት አመት መስራት ይችላል፣ ከዛ በኋላ ያው የስራ ቪዛው ሎተሪ ነው።

ፈተናውን በተመለከተ የዚህ የአሜሪካው ማህበር የመጀመሪያው ፒ ነው፣ ፕሮባቢሊቲ ብቻ፣ በሶስት ሰአት ሰላሳ ምርጫ ጥያቄ። ሁለተኛው ኤፍኤም የወለድ ሂሳብ ነው፣ እሱም ሰላሳ ጥያቄ በሁለት ሰአት ተኩል። ውጤቱ ከ0 እስከ 10 ነው፣ 6 ካመጣህ አለፍክ፣ ከዛ በላይ ያለው ጌጥ ነው። ዲግሪ አይጠየቅም፣ የ12ኛ ተማሪም ይፈተናል። የናሙና ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ማህበሩ ዌብሳይቱ ላይ በነፃ ለቋቸዋል፣ በመቶዎች ናቸው፣ ዛሬውኑ አውርጂለት። ካልኩሌተርም ያገኘውን ይዞ አይገባም፣ የተፈቀዱት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተወሰኑ ሞዴሎች ናቸው፣ ቢኤ ቱ ፕላስ የሚባለው አንዱ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አሳዝዙለት። ባይሆን ይሄን እዩት፦ ናሙናዎቹን እየሰራ ሁለት ወር ከቆየና ካልሰለቸው ልጁ የምሩን ነው፣ ያኔ የትም ቢገባ ያልፋል።

ጡረተኛው የመድን ሰው፦

ልጄ፣ እኔ እድሜዬን መድን ውስጥ ነው የፈጀሁት፣ ለአባትሽ ሰላም በይልኝ። ሳቃቸው አይገርመኝም ምክንያቱም እዚህ አገር ሰው የሚያውቀው ኢንሹራንስ የመኪናውን ነው። በ1967 የግሎቹ ተወርሰው በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ፣ በ1986 የግል እንደገና ተፈቀደ፣ ይሄን ሁሉ አመት ታዲያ ገበያው መኪና መኪና ነው፣ የህይወት መድን ከጠቅላላው አረቦን ከአስር ብር አንዱን ብር እንኳ አይሞላም። አክቹዋሪ ደሞ በዋናነት የሚፈለገው ህይወት ላይ ስለሆነ ገበያው አንድ ሙሉ ሰው ቀጥሮ ለማኖር ሰነፈ። አሁን ግን ሶስት ነገር መጣ፦ ከ2023 ወዲህ አይኤፍአርኤስ 17 የሚሉት የመድን ሂሳብ ደረጃ ጠቅላላ መድኑንም በግምት ሂሳብ አስገደደ፣ የጡረታ ፈንዱ ከሰራተኛው 7 ከአሰሪው 11 በመቶ እየሰበሰበ ይኸው አለ፣ የማህበረሰብ ጤና መድህኑም አለ። የኛን አገር ገብስማ ውርጭ ሲመታው ማን ዋጋ ተምኖለት ያውቃል? መንዝና ባሶና ላይ በየስንት አመቱ ውርጭ እንደሚወርድ ቆጥሮ አረቦን የሚያወጣ ሰው እስኪገኝ ገበሬው ሰማይ ሰማይ ያያል።

ልጁን እንዲህ ብለሽ ሞክሪው። ሁለት መቶ ቤት ያለው እድር አለ፣ በአንድ አመት አንድ ቤት ሞት የሚደርስበት እድል 3 በመቶ ነው እንበል፣ እድሩ ለሟች ቤተሰብ 30,000 ብር ይከፍላል። በወር ስንት ብር ይዋጣ? ማንም ሰው 6 ሞት ይጠበቃል፣ 180,000 ብር ይወጣል፣ ለሁለት መቶ ሲካፈል 900፣ በወር 75 ብር ብሎ ይመልሳል። አክቹዋሪ እዛ ላይ አያቆምም። በ75 ብር የከፋ አመት ቢመጣ፣ አስር ሰው ቢሞት፣ እድሩ 120,000 ብር ይጎድለዋል፣ አስርና ከዚያ በላይ የመሞት እድሉ ደሞ ስምንት በመቶ ገደማ ስለሆነ በአስራ ሁለት አመት አንዴ የሚደርስ ነገር ነው። ታዲያ መቶ ብር ይዋጣ? ትርፉ የት ይቀመጥ? ወረርሽኝ ቢገባና ሞቱ አንዱ ከአንዱ የተያያዘ ቢሆንስ ይሄ ስምንት በመቶ ይሰራል? እዚህ ሶስተኛው ጥያቄ ላይ አይኑ ካበራ ናይሮቢም ይሂድ ደብረ ብርሃንም ይግባ።

የጠባሴዋ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎት። ጥያቄውን ለአባዬ አነበብኩለት፣ እሱ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ስለነበረ ሳቁን አቆመና 75 ብር ማነው የሚከፍለው፣ ግማሹ ውዝፍ ነው ያለበት፣ እሱንስ አስገብታችሁታል ወይ አለኝ። ወንድሜ ደሞ የወረርሽኙን ሲሰማ እድሎቹን ማባዛት አይቻልማ፣ አንዱ ከሌላው ነፃ አይደሉም ብሎ ወረቀት አወጣ። እስካሁን እየሰራ ነው።

አሁን የቀረኝ ብሩ ነው። አክስቴ ጋ ስለሚኖር ኪራይና ቀለብ የለበትም፣ ክፍያውን ብቻ ነው እኛ የምንችለው። ለናይሮቢ ዩኒቨርስቲ ብንጨካከን የምንችል ይመስለኛል፣ ስትራትሞር ግን ሁለተኛ አመት ላይ ብር ቢያልቅብንስ? ጁጃ የተማርክ ወንድሜ፣ ብር አጥሮት ቢመለስ ኮርሱ እዚህ ይያዝለታል?

ጁጃ የተማርኩ፦

እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮርስ ማዛወር እዚህ በጣም አድካሚ ነው፣ የተወሰነውን ይይዙለታል ግን አመት መድገሙ አይቀርም፣ ስለዚህ ሁለተኛ አመት ላይ የሚያልቅ ብር ይዞ መጀመር አልመክርም። ያላችሁን ቆጥራችሁ አራቱን አመት ለሚችለው ሂዱ፣ እሱ ናይሮቢ ዩኒቨርስቲ ከሆነ እሱ ነው። በአድማ ጊዜ ፒን ይፈተናል፣ ስራ ፈቶ አይቀመጥም። ግን ስትራትሞርን ስኮላርሺፕ ወይ የክፍያ እገዛ ሳትጠይቁ እምቢ እንዳትሏቸው፣ ደብዳቤው ላይ የ12ኛ ውጤቱንና የሂሳቡን ለብቻ ፃፉት፣ የሚከለክላችሁ የለም።

አንድ ነገር ደሞ፣ እዚህ ቁርጥ ያለ መልስ እስኪመጣ የደብረ ብርሃኑን ምደባ እንዳይለቅ። ፍሬሽማን ጀምሮ መስከረም ላይ መሄድ ይችላል።

ስታት የበላኝ፦

በዚህ በመጨረሻው እንስማማለን። በነገራችን ላይ እህቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀቱ ኬንያ ላይ አቻ ግምት ይጠየቃል፣ ኦሪጅናሉን በፖስታ እንዳትልኩ፣ ይዞት ይሂድ። ባንክ ስለምትሰሪ የትምህርት ክፍያ ውጭ ምንዛሬ ጥያቄውን የመቀበያ ደብዳቤውና የክፍያ ኢንቮይሱ ተያይዞ እንደሚቀርብ ታውቂዋለሽ፣ ኢንቮይሱን በሴሚስተር ሳይሆን በአመት አድርገው እንዲፅፉላችሁ ጠይቂያቸው፣ በየስድስት ወሩ ወረፋ ከመያዝ ያድናችኋል።

የጠባሴዋ፦

ኢንቮይሱን አላሰብኩትም ነበር፣ ነገ ጠዋት ለሁለቱም ኢሜይል እፅፋለሁ። የኤግዘምፕሽኑንም አብሬ እጠይቃለሁ። የመንዙ ወንድሜ፣ ካልኩሌተሩን የሚያመጣ ሰው ካለህ ብሩን እዚህ ለቤተሰብህ እሰጣለሁ፣ እማዬ ደሞ የምትልከው በሶ አላት።

የመንዝ ልጅ ሚኒያፖሊስ፦

ለገና የሚመጣ ሰው አለ፣ በውስጥ መስመር ፃፊልኝ። ብሩ ይቅር፣ በሶው ግን አይቀርም።